ያረጀችው መኪናችን ዓይኗ ሲፈዝ

ባለፈው ክረምት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ዝናቡ ቢያባራም አስፋልቱ ገና አልደረቀም። ነርስ የሆነች አንዲት ጎረቤታችን ሁለት ልጆቿን ከኋላ አስቀምጣ ወደ ቤቷ ስትነዳ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ አንድ አዛውንት መንገድ ሲያቋርጡ ያየቻቸው አጠገባቸው ከደረሰች በኋላ ነበር። ደግነቱ ፍሬኑ ያዘላት። አዛውንቱ እንዲያውም እርሷኑ አጽናንተው ሄዱ። በማግሥቱ ዓይኗን ልታስመረምር ብትሄድ ደኅና ነው ተባለች። የፈዘዘው የመኪናዋ ዓይን ኖሯል።

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ያለችውን አሮጌ መኪና ጠግኖ መያዝን የሚመርጠው ቤተሰብ ብዙ ነው። ታዲያ ሞተሩና ጎማው ሲታዩ የፊት መብራት ይረሳል፤ እስኪጠፋ ድረስ የሚሠራ ይመስላልና።

በቀድሞዎቹ መኪናዎች የመብራቱ ፊት መስተዋት ነበር። በአሁኖቹ ግን ፖሊካርቦኔት የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ይህን ፕላስቲክ ከፀሐይ የሚከላከለው ስስ ሽፋን ሲላላጥ ፊቱ ቢጫ እየሆነ ይሻክራል፤ ብርሃኑም መንገዱ ላይ በማረፍ ፈንታ ይበተናል። በጥርስ ሳሙና ፈትጉት የሚሉ አሉ። ለጥቂት ጊዜ ያጠራዋል፤ ነገር ግን የተላጠውን ሽፋን አይመልስምና የልጆቹን የጥርስ ሳሙና ለልጆቹ መተው ይሻላል። በውሃ በራሰ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ አዲስ የፀሐይ መከላከያ ከተቀባ ግን ይቆያል። በውስጥ ያለው አንጸባራቂ ከደበዘዘ ወይም ከተላጠ ደግሞ ውጪውን ማጽዳት ዋጋ የለውም፤ መብራቱ ከነቤቱ መለወጥ አለበት።

አምፖሉም ሳይቃጠል ይደክማል። ስለሆነም ሁለቱን በአንድ ጊዜ መለወጥ ይበጃል። የሃሎጅን አምፖል መስተዋቱን በጣት መንካት አይገባም፤ የእጅ ቅባት ሲግል ዕድሜውን ያሳጥረዋል። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ላይ የሚገኘው አምፖል ረጅሙ 60 ዋት፣ አጭሩ 55 ዋት ነው። «100 ዋት ላስገባልሽ» የሚል ቢመጣ እሺ አትበሉ፤ ሶኬቱንና ገመዱን ያቀልጣል።

ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ሙሉውን መብራት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁ። በጃፓን መኪና የሚሄደው በመንገዱ ግራ በኩል ስለሆነ፣ ለዚያ አገር የተሠራ አጭር መብራት ብርሃኑን ወደ ግራ ከፍ አድርጎ ይጥላል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ይኸው ብርሃን ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ በተዛወሩ መኪናዎች ላይ ይህ በተለይ መታየት አለበት።

ከተገጠመ በኋላ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር አርቃችሁ አጭሩን አብሩ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመብራቱ መካከል ከፍታ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ጎረቤታችን ይህን የሞከረችው በግቢዋ አጥር ላይ ነው፤ ትልቁ ልጇ በጠመኔ አሰመረላት። የግራው ከፍ ብሎ ስለተገኘ ወደ ጋራዡ መልሳ ወሰደችው።