የድረ ገጽ ማስፈንጠሪያዎች በታተመ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ፦ የግርጌ ማስታወሻ አያያዝ

መግቢያ

የመመረቂያ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ይዘጋጃል፤ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ግን ታትሞ የተጠረዘው ቅጂ ነው። በዚህ ሽግግር መካከል ሳይታወቅ የሚጠፋ ነገር አለ። በስክሪን ላይ ሰማያዊ ቀለም ይዞ የተሰመረበት ቃል ሲጫኑት ወደ ምንጩ ይወስዳል፤ በወረቀት ላይ ሲታተም ግን የተሰመረበት ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለጥናቱ የሚያስፈልገውን አንድ አኃዝ ቀደም ሲል በቀረበ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ አግኝቶ ነበር። ምንጩን ሲፈልግ በግርጌ ማስታወሻው ላይ የሰፈረው «ሪፖርቱን እዚህ ይመልከቱ» የሚል ሐረግ ብቻ ሆነ። አኃዙ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሊረጋገጥ ስላልቻለ ግን ሳይጠቀስ ቀርቷል።

ስለዚህ ሰነድን ለኅትመት የሚያዘጋጅ ተመራማሪ ሦስት ተግባራት ይጠብቁታል፤ የተደበቀውን አድራሻ ማውጣት፣ አድራሻው በወረቀት ላይ እንዲነበብ ማድረግ፣ አድራሻው ቢጠፋም ምንጩ እንዲታወቅ ማድረግ።

1. የተደበቀውን አድራሻ ማውጣት

በማይክሮሶፍት ወርድ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው እርምጃ በሰነዱ ውስጥ ስንት አድራሻ እንደተደበቀ ማየት ነው። «አልት» እና «ኤፍ 9» የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ከየማስፈንጠሪያው በስተ ጀርባ ያለው አድራሻ ይገለጣል፤ ደግመው ሲጫኑ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን አድራሻ ወደ ግርጌ ማስታወሻ ማዛወር የጸሐፊው ሥራ ነው። ፓንዶክ የተባለው የሰነድ መለወጫ ግን ሰነድን በላቴክ አማካይነት ለኅትመት ሲያዘጋጅ ማስፈንጠሪያዎችን ሁሉ በራሱ ወደ ግርጌ ማስታወሻ የሚያወርድ አማራጭ አለው።

ሆኖም በራስ ሰር የሚደረግ ለውጥ አንድ አደጋ ያስከትላል። በአገራችን የጥናት ጽሑፎች በቅርቡ የተጠቀሰ ምንጭ ሲደገም «ዝኒ ከማሁ» ተብሎ ይጻፋል፤ ትርጉሙም ከበላዩ ያለውን ማስታወሻ ያመለክታል። በሁለት ነባር ማስታወሻዎች መካከል አዲስ የአድራሻ ማስታወሻ ሲገባ «ዝኒ ከማሁ» ወደ አዲሱ ይዞራል፤ ጸሐፊው ያላሰበውንም ምንጭ ይጠቅሳል። ስሕተቱ በማረም ፕሮግራም አይታይም። ስለዚህ ከለውጡ በፊት «ዝኒ ከማሁ» የሚሉትን ሁሉ በጸሐፊ ስምና በአጭር ርእስ መተካት ያሻል። ማስፈንጠሪያው ቀድሞውኑ በግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ከሆነም ሌላ ማስታወሻ አያስፈልገውም፤ አድራሻው በዚያው ማስታወሻ መጨረሻ ላይ ይጻፋል።

2. አድራሻው በወረቀት ላይ እንዲነበብ ማድረግ

ረጅም አድራሻ በአንድ መስመር አያልቅም። በሚቆረጥበት ቦታ ላይ የቃል ማያያዣ ጭረት መጨመር አይገባም፤ አንባቢው ጭረቱን የአድራሻው አካል አድርጎ ይጽፈዋልና። የቺካጎ የአጻጻፍ መመሪያም ይህንኑ ይከለክላል፤ ከድርብ እዝባር በኋላ፣ ወይም ከነጠላ እዝባርና ከነጥብ በፊት መቁረጥን ይመክራል። ከአድራሻው ሥር የሚሰመረውን መስመርም ማንሳት ይገባል፤ በአድራሻው ውስጥ ያለውን የግርጌ ጭረት ይሸፍነዋልና።

የአማርኛ አድራሻዎች ደግሞ የራሳቸው ችግር አለባቸው። አድራሻው ከብራውዘር ሲቀዳ የግዕዝ ፊደላት ብዙውን ጊዜ በኮድ ተለውጠው ይወጣሉ። እያንዳንዱ ፊደል በሦስት ባይት ይወከላል፤ እያንዳንዱም ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት ሆሄያት ወይም አኃዞች ይጻፋል። በዚህም ምክንያት አንድ ፊደል 9 ምልክቶችን ይይዛል። በአማርኛ ዊኪፒዲያ «አዲስ አበባ» የሚለው ርእስ ስድስት ፊደል ብቻ ሆኖ ሳለ በኮድ ሲጻፍ 54 ምልክቶችን ይፈጃል፤ በሁለቱ ቃላት መካከል የሚገባው የግርጌ ጭረት ሲጨመር 55 ይሆናል። ይህን ከወረቀት ላይ አይቶ ያለ ስሕተት የሚተይብ አንባቢ ማግኘት ያስቸግራል። የሚሻለው አድራሻውን ወደ ግዕዝ ፊደል መልሶ ማተም ነው፤ ብራውዘሮች ፊደሉን ተቀብለው ራሳቸው ወደ ኮድ ይለውጡታልና።

እዚህ ላይ አራሚዎች ሊጠነቀቁ ይገባል። «ዓለም» እና «አለም» ለአንባቢ አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። በድረ ገጹ ላይ ያለው ሆሄ የአጻጻፍ ደንብን ባይከተል እንኳ በአድራሻው ውስጥ እንዳለ መቀመጥ አለበት።

3. አድራሻው ቢጠፋም ምንጩ እንዳይጠፋ

ጆናታን ዚትሬን፣ ኬንድራ አልበርትና ላውረንስ ሌሲግ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት በሃርቫርድ የሕግ መጽሔትና በሌሎች መጽሔቶች ከተጠቀሱት አድራሻዎች ከ70 በመቶ በላይ፣ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ከተጠቀሱትም 50 በመቶ ያህሉ መጀመሪያ ወደተጠቀሰው መረጃ እንደማያደርሱ አመልክተዋል። ታትሞ የተጠረዘ ጽሑፍ ደግሞ ሊታረም አይችልም። ስለዚህ ገጹን ከመጥቀስ አስቀድሞ በኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ላይ ማስቀመጥና የተቀመጠውን ቅጂ አድራሻ መጨመር ይጠቅማል። ለመጽሔት ጽሑፎች ዲ.ኦ.አይ. የተባለው ቋሚ መለያ ይመረጣል፤ ጽሑፉ ወደ ሌላ ድረ ገጽ ሲዛወር መለያው ሳይለወጥ መዳረሻው ሊታደስ ይችላልና።

ምንጩ የታየበት ቀን ሲጻፍ የዘመን አቆጣጠሩ መገለጽ አለበት። ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 ነው። ዌይባክ ማሽን ቅጂዎችን የሚመዘግበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመሆኑ፣ «2016» የሚለውን ብቻ ያነበበ ሰው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ሌላ ቅጂ ሊያገኝ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ማስታወሻው ያለ አድራሻው መቆም መቻል አለበት። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ከድረ ገጽ ቢወርድም «አዋጅ ቁጥር 1/1987፣ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ፣ 1ኛ ዓመት ቁጥር 1» ተብሎ ከተጠቀሰ፣ ድረ ገጹ ቢዘጋ እንኳ አንባቢው ጋዜጣውን በቤተ መጻሕፍት ፈልጎ ያገኘዋል። ሪፖርትም በአዘጋጁ፣ በርእሱ፣ በዓመተ ምሕረቱና በገጹ ሊጠቀስ ይገባል።

መደምደሚያ

የግርጌ ማስታወሻ ዓላማ አንባቢ የጸሐፊውን ቃል በራሱ እንዲመረምር ማስቻል ነው። ጽሑፉ ወደ ጥረዛ ከመሄዱ በፊት ቀላል ፈተና ማድረግ ይቻላል፤ ጥቂት የታተሙ ገጾችን ለአንድ የሥራ ባልደረባ ሰጥቶ፣ ከወረቀቱ ብቻ ተነሥቶ እያንዳንዱን ምንጭ እንዲፈልግ መጠየቅ። ያላገኘው ምንጭ ካለ ማስታወሻው ገና አልተጠናቀቀም።