የማይስማማ ምግብና የቤት ብልሃት፤ ከእንጦጦ እስከ ሾላ

በእንጦጦ ራስ ላይ ያለው ጠበልና በየካ የሚገኘው የሾላ ገበያ፣ ከደማከሴ ሻጮች አልፎ የሚታየው የመድኃኒት መደብርም ጭምር፣ ምግብ አልስማማው ያለ የሰፈሩ ሰው ፈውስ ፍለጋ የሚመላለስባቸው ቦታዎች ስለ ሆኑ፣ እያንዳንዳቸው የሚችሉትንና የማይችሉትን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ሊቃውንተ ሕክምና አለርጂ የሚሉት፣ ሥጋን ከባዕድ ነገር እንዲጠብቅ የተሠራው የሰውነት መከላከያ፣ ለሌላው ሰው ሲሳይ የሆነውን እንቁላል ወይም ወተት እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት የሚደርሰውን ሁከት ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ሪሼ ከባልደረባው ከፖርቲዬ ጋር እ.ኤ.አ. በ1902 የዚህን ሁከት አስከፊ መልክ በውሻ ላይ ተመልክቶ አናፊላክሲስ ብሎ ሰየመው፤ በ1913ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የወተቱን ስኳር መፍጨት ያቃተው እንጂ አለርጂ ያለበት አይደለም።

አበው ያቆዩልንን የቤት መድኃኒት መናቅ አይገባም። ዝንጅብል የታወከ ሆድ ያረጋጋል፤ ማር የከረከረ ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ የሚያሳክክ ሽፍታ ያበርዳል። ሆኖም ከእነዚህ አንዱም የተነሣውን የሰውነት ቁጣ ከሥሩ አይመልስም፤ ፌጦማ የሰናፍጭ ዘመድ ስለ ሆነ፣ ሰናፍጭ ለማይስማማው ሰው ራሱ የሕመም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ ከንፈሩ በድንገት ያበጠ ልጅ «ምች መታው» ተብሎ ደማከሴ ሲታሽለት የሚባክነው ጊዜ ነው፤ የምግብ አለርጂ እብጠት ብዙውን ጊዜ ከተበላ በኋላ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይመጣልና። ያመመው ሁሉ ወተት ይጠጣ ማለትም፣ ወተቱ ራሱ ለሚጎዳው ሰው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

የጠበልና የመድኃኒት ክርክር ለእንጦጦ አዲስ አይደለም። የኤችአይቪ ሕሙማን ወደዚያ በብዛት በወጡበት ዘመን፣ ጠበል የጀመረ መድኃኒቱን ያቁም የሚሉ ነበሩና፣ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይቃረኑ ገልጠው፣ ምእመናን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ አሳሰቡ።

ከቤት ብልሃት ሁሉ የላቀው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ማንም መድኃኒት ብሎ የማይቆጥረው የጾም ሥርዓት ነው። ሐኪሞች የሚጎዳውን ምግብ ለማግኘት፣ የተጠረጠረውን ለጥቂት ሳምንታት አስወግደው ኋላ አንድ በአንድ እየመለሱ ይፈትናሉ፤ ዐቢይ ጾምም ሥጋውን፣ ወተቱንና እንቁላሉን 55 ቀን ከገበታ አርቆ በፋሲካ ሁሉንም በአንድነት ይመልሳቸዋል። በሁዳዴ ገላው ጠርቶ የከረመ ሰው በትንሣኤ ማግሥት ችፌው ቢያገረሽበት፣ ምክንያቱን የሚፈልግበት ስፍራ ጠብቦለታል፤ የሚቀረው ዶሮውን፣ እንቁላሉን፣ አይቡንና ቅቤውን በየተራ፣ በቀናት እያራራቀ ቀምሶ ያየውን በወረቀት ማስፈር ነው። ጾም ሲገባ የሚብሰው ሰው ደግሞ ጠላቱን በሰሊጡ፣ በሱፉ፣ በኦቾሎኒውና በሽሮው ዘንድ ይፈልግ። ነገር ግን ከዚህ ቀደም ትንፋሽ አጥሮት ወይም ፊቱ አብጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ፈተና በቤቱ አይሞክር፤ ርቆ የቆየ ምግብ ሲመለስ ከቀድሞው የባሰ ሊያስቆጣ ይችላልና።

ጠላቱ ቢታወቅም፣ በአንድ መሶብ ለሚበላ ሕዝብ ከቤት ማስወጣቱ ቀላል አይደለም። ቅቤ ተነጥሮም የወተት ቅሪት አያጣም፤ ምጣዱ የሚታሰስበት ጎመን ዘር ከሰናፍጭ ጋር አንድ ወገን ነው፤ በበርበሬ ውስጥ የሚገባው አብሽም ኦቾሎኒ የማይስማማቸውን አንዳንድ ሰዎች ያውካል። ስንዴ የሚጎዳው ሰው ጤፍ ቢስማማውም፣ ከገበያ የተገዛው እንጀራ ሌላ እህል የተቀየጠበት መሆን አለመሆኑን መጠየቅ አለበት። ቆሎ ሻጯም ገብሱን በሰፈረችበት ጣሳ ኦቾሎኒውን ትሰፍራለች። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ቢሆንም እንቁላል የነካ እጅ እንቁላሉን ይዞ ይመጣልና፣ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው በሰሐን ለብቻው መብላቱ እንደ ኩራት ባይቆጠርበት መልካም ነበር።

ከሽፍታ አልፎ ድምፅ ሲሻክር፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ራስ ሲያዞር፣ ቀዳሚው መድኃኒት በጭን ጡንቻ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። ሴትሪዚን ማሳከክን ቢያስታግስም የታፈነ ጉሮሮ አይከፍትም። ሕመምተኛው ይተኛ፣ ትንፋሽ ካጠረው ይቀመጥ፤ ተነሥቶ እንዲራመድ ግን አይደረግ። በእንጦጦ ዳገት የሚኖር ቤተ ሰብም መርፌው በሌሊት የሚገኝበትን የቅርብ ጤና ተቋም አስቀድሞ ይወቅ።

ስለ ሕፃናት የነበረው ምክር በዘመናችን ተገልብጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ አገር የወጣ ጥናት፣ ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት ከመጀመሪያው ዓመታቸው አንሥቶ ኦቾሎኒ ሲመገቡ፣ በአምስት ዓመታቸው ሕመሙ ከአምስት እጅ አራቱን ያህል መቀነሱን አሳይቷልና። ስለዚህ ከስድስት ወር የጡት ወተት በኋላ እንቁላሉንም ሆነ በደንብ የላመውን ኦቾሎኒ ማዘግየት አያስፈልግም፤ ችፌ የጸናበት ሕፃን ግን ከመቅመሱ በፊት በሐኪም ይታይ።