«እጄን ካነሳሁ ያቆማሉ?»

ከቀለም ጥይት ጨዋታ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ልበ ሙሉነትና ስለ ማስፈራራት የተማርኩት

ባለፈው ዓመት ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ለ«ቲም ቢልዲንግ» ስንጓዝ የሽያጭ ክፍል ልጆች ፉከራውን የጀመሩት ገና ሐርቡ ሳንደርስ ነበር። «ዛሬ ማርኬቲንጎችን በቀለም ነው የምናጥባቸው!» ይላል አንዱ። ሌላው ከኋላ ወንበር ሆኖ ይሸልላል። እኛም እየሳቅን መልስ እንሰጣለን። በፕሮግራሙ ላይ ከምሳና ከስልጠናው ቀጥሎ የተጻፈው «ፔይንትቦል» የሚለው ቃል ለአብዛኞቻችን ከፊልም የዘለለ ትርጉም አልነበረውም።

ጨዋታው በአገራችን አዲስ ቢሆንም ዛሬ እንግዳ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ከዚፕ ላይኑ፣ ከጎ ካርቱና ከፈረስ ግልቢያው ጋር ፔይንትቦልንም ለከተማው ቤተሰብ አስተዋውቋል። መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን፣ ወጣቶች የልደት እንግዶቻቸውን ይዘው ወደ እንዲህ ያሉ ስፍራዎች መሄድ ለምደዋል። ወላጆችም «ልጄን ልውሰደው ወይስ ይቅር?» ብለው መጠየቅ ጀምረዋል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይኸው ጥያቄ ነው። ምክንያቱም እኔም የምጠይቅለት ልጅ አለኝ።

ከጎማው ክምር ጀርባ

ማስኩን አጥልቀን፣ ወፍራም ልብስ ደርበን ሜዳው ውስጥ ገባን። ፊሽካው ተነፋ። ከዚያ «ጧ! ጧ! ጧ!» የሚለው ድምፅ ተከተለ።

ከመጀመሪያው የጎማ ክምር ጀርባ ቁጭ አልኩ። ቁጭ ብዬም ቀረሁ። ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። የገዛ ትንፋሼ ማስኩ ውስጥ እየጮኸ፣ በመኪናው ውስጥ ስንስቅ የዋልነው ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። ጥይቱ ቀለም መሆኑን አውቃለሁ። ተኳሾቹም ጠዋት አብረውኝ ቁርስ የበሉ ልጆች ናቸው። ሰውነቴ ግን ይህን ሁሉ መስማት አልፈለገም።

እኔ የኩታበር ልጅ ነኝ። ከደሴ በሰሜን ምዕራብ በኩል 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውን ይህችን ደጋማ አገር የሚያውቅ፣ በጥቅምት 2014 ጦርነቱ በዚያ በኩል አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ እንደደረሰም ያስታውሳል። እስከ ኅዳር መጨረሻ የነበሩትን እነዚያን ሳምንታት እዚህ አልተርካቸውም። የአካባቢው ሰው ሁሉ የራሱ አለው። ብቻ እኔ ያለፈ የመሰለኝ ነገር በሰውነቴ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። በዚያች የጎማ ክምር ጀርባ ተነሣብኝ።

ያወጣችኝ የሂሳብ ክፍላችን ባልደረባ ናት። ዕድሜዋ ከእናቴ ብዙም አያንስም፤ በቢሮም ድምፅዋ አይሰማም። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና «ልጄ፣ ያን የሚጮኸውን ስሚው» አለችኝ። «እየቆጠርኩለት ነው። መቶ ነው የተሰጠን። እሱ ገና አንድ ሰው ሳይመታ ሊጨርስ ነው።»

አብረን መቁጠር ጀመርን። ቁጥሩ ትንፋሼን መለሰልኝ። ድምፁ ሲቋረጥ ብድግ ብዬ ወደሚቀጥለው መከለያ ሮጥኩ። በመሐል ትከሻዬ ላይ ተመታሁ። ሕመሙ በላስቲክ እንደመነዘር ነበር። እጄን አነሳሁ። «ወጥቻለሁ!» አልኩ። ተኩሱ ወደ እኔ አቅጣጫ ወዲያው ቆመ። አረንጓዴ ቀለም እየተንጠባጠበብኝ ከሜዳው ስወጣ ሳቄ መጣ። በሁለተኛው ዙር ያ ሁሉ ፍርሃት ግማሹም አልነበረም። ከተመታሁ በኋላ የማላውቀው ነገር አልቀረም ነበርና።

ሰውነታችን ምን ይሠራል?

ድንገተኛ ድምፅ ስንሰማ አንጎላችን «ይህ ጨዋታ ነው ወይስ እውነት?» ብሎ አጣርቶ እስኪጨርስ አይጠብቅም። የአደጋ ደወሉን አስቀድሞ ይደውላል፤ የሚያጣራው ከዚያ ወዲያ ነው። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ዓይን ዙሪያውን ትቶ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። አንዳንዱ ይሮጣል፣ አንዳንዱ ያጠቃል፣ እንደኔ ያለው ደግሞ ባለበት ደርቆ ይቀራል። መድረቅ ስንፍና አይደለም። ሰውነት ራሱን ከሚጠብቅባቸው መንገዶች አንዱ ነው።

ከዚህ ሁኔታ ለመውጣት የሚረዱት ነገሮች ቀላል ናቸው። ትንፋሽን ከሚሳበው ጊዜ አስረዝሞ ማስወጣት የልብ ምትን ያረግባል። መቁጠር፣ ከጓደኛ ጋር መነጋገር፣ «ከዚህ እስከዚያ ግንድ ብቻ» ብሎ ትንሽ ግብ መያዝ ሐሳብን ከፍርሃቱ ወደ ሥራው ይመልሳል። ልበ ሙሉነት ከትንንሽ እርምጃዎች የሚጠራቀም መሆኑን ያየሁት በዚያች የአሥር ሜትር ሩጫ ነው።

ፎካሪውና ዝምተኛው

ሰው ሳይመታ ሰውን ማሸነፍ ይችላል። በፔይንትቦል ሜዳ የራሱን መሣሪያና ልብስ ይዞ የመጣ፣ ሲገባ የሚጮህ፣ ተሰብስቦ የሚሮጥ ቡድን ገና ጨዋታው ሳይጀመር ጀማሪውን ያሸንፈዋል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ፉከራ፣ ቀረርቶና ሽለላ የነበራቸው አንዱ ሥራ ይኸው ነበር፤ የራስን ልብ ሞልቶ የባላጋራን ልብ ማራድ። የፈረስ ስምም እንዲሁ ነው። «አባ ሻንቆ» ሲባል የወሎው ንጉሥ ሚካኤል፣ «አባ ታጠቅ» ሲባል አፄ ቴዎድሮስ ከነግርማቸው ይታወሳሉ። ስሙ ከባለቤቱ ቀድሞ ይደርሳል።

የፔይንትቦል የመጀመሪያ ታሪክ ግን ለዝምተኞች ያደላል። ጨዋታው የተወለደው በሦስት አሜሪካውያን ክርክር ነው። ደራሲው ቻርልስ ጌይንስ፣ የአክሲዮን ነጋዴው ሄይስ ኖኤልና ባልደረባቸው ቦብ ገርንሲ «በጫካ ውስጥ ከተሜና ባላገር ቢገናኙ ማን ይበልጣል?» በሚለው ላይ አልተስማሙም። ደን ጠባቂዎች ዛፍ፣ አርቢዎች ከብት ምልክት ለማድረግ የሚጠቀሙበትን የቀለም መተኮሻ አገኙና ክርክሩን ወደ ጨዋታ ለወጡት። በ1973 ዓ.ም. ሰኔ 20 ቀን (በፈረንጆቹ ጁን 27 ቀን 1981) በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ሄኒከር በተባለች ከተማ አጠገብ 12 ሰዎች ጫካ ገቡ። ባንዲራዎቹን ሰብስቦ ያሸነፈው ሪቺ ዋይት የተባለ የደን ሠራተኛ ሲሆን፣ በጨዋታው ሁሉ አንድ ጥይት እንኳ አልተኮሰም።

የሂሳብ ክፍሏ ባልደረባዬ ይህን ታሪክ የምታውቀው አይመስለኝም። የሠራችው ግን እሱን ነው።

አያቴና ጉግስ

ከጉዞው ስመለስ ኩታበር ሄጄ ለአያቴ ቪዲዮውን አሳየሁት። ስልኩን ከዓይኑ አርቆ ይዞ ጥቂት ተመለከተና «ይኼማ ፈረስ የሌለው ጉግስ ነው» አለ።

እውነቱን ነው። ጉግስ ላይ ፈረሰኞች ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው እያሳደደ ዱላ ይወረውራል፤ ሸሺው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመክታል። ከዚያ ተራው ይዞራል፤ አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። አያቴ በወጣትነቱ ጋልቧል። «አልፈራህም?» አልኩት።

«እንዴት አልፈራም? የማይፈራ ፈረሰኛ ይወድቃል፤ ጋሻውንም በደንብ አይዝ። ግን እያየሽ፣ የወረወረብሽን ሰው ማታ አብረሽው ትበያለሽ። ጨዋታ የሚያደርገው እሱ ነው።»

ይህን ሲለኝ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው የቆየ አባባል ትዝ አለኝ። በገና ሜዳ ጌታና ሎሌ እኩል ነው፤ ጌታም ቢመታ አይቆጣም። የእኛም ሥራ አስኪያጅ በዚያን ቀን ከጽዳት ሠራተኛችን ሁለት ጊዜ ደረቱን ተመትቶ እጁን አንስቶ ወጥቷል። ሰኞ ዕለት ያነሳው ወሬም እሱን ብቻ ነበር። ጨዋታ ፍርሃትን የሚያሠለጥነው ሁሉም ለአንድ ሕግ ሲገዛ ነው። ሕጉ ሲጠፋ ጨዋታው የጉልበተኞች ይሆናል።

ልጅዎን ከመውሰድዎ በፊት

የፔይንትቦል ጥይት በጄላቲን የተሸፈነ፣ በውኃ የሚታጠብ ቀለም ነው። የተለመደው መጠን ስፋቱ 17 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 3 ግራም ገደማ ነው። ፍጥነቱ ግን ቀልድ አይደለም፤ በብዙ ሜዳዎች የሚፈቀደው ጣሪያ በሰከንድ 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ፦

• ማስክ ሜዳው ውስጥ ለአፍታም አይወልቅም። በላብ ቢደበዝዝም እጅ አንስቶ መውጣት እንጂ ማውለቅ የለም። በዚህ ጨዋታ የሚደርሰው ከባዱ ጉዳት የዓይን ጉዳት ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚደርሰውም ማስክ ባላጠለቀ ሰው ላይ ነው።

• ከሜዳው ውጭ የመሣሪያው አፈ ሙዝ መሸፈን አለበት። አስተናጋጆቹ ይህን የማይቆጣጠሩ ከሆነ ልጅዎን ይዘው ይመለሱ።

• የስፍራውን የዕድሜ ገደብ አስቀድመው ይጠይቁ። ለታዳጊዎች አነስ ያለ ጥይትና ደከም ያለ ግፊት ያለው መሣሪያ መኖሩንም ይጠይቁ።

• ጀማሪ ከጀማሪ ጋር ይጫወት። የ12 ዓመት ልጅ ከሠለጠኑ ጎረምሶች ፊት ቢቆም የሚማረው ድፍረትን ሳይሆን መሸማቀቅን ነው።

• «አንተ ወንድ አይደለህ? አትፍራ!» አይበሉ። «ምኑ አስፈራህ?» ብለው ይጠይቁ። ፈርቶ የሚናገር ልጅ ፈርቶ ከሚደብቅ ይሻላል።

• ልጁ እውነተኛ ተኩስ ሰምቶ ያደገ ከሆነ አይቸኩሉ። በድንገተኛ ድምፅ የሚበረግግ፣ እንቅልፉ የሚረበሽ፣ ስለዚያ ጊዜ ሲነሣ ዝም የሚል ልጅ ከጨዋታ በፊት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ጨዋታ ሊያግዝ ይችላል እንጂ ሕክምናን አይተካም። ልጅን ወደሚፈራው ነገር በግድ መወርወር ደግሞ ቁስሉን ያብሰዋል።

የጨርቅ ኳስ

የምጠይቅለት ልጅ አለኝ ብዬ ነበር። የእህቴ ልጅ ነው። ዛሬ 12 ዓመቱ ነው፤ በ2014 ስንት እንደነበር ማስላት አይከብድም። ሠርግ በመጣ ቁጥር፣ ሙሽራው ሲገባ ወደ ሰማይ ሲተኮስ፣ ሌሎቹ ልጆች ቀለህ ለመልቀም ይሮጣሉ። እሱ ጓዳ ይገባል። ማንም አይቆጣውም፤ ግን ማንም ስለዚያ አያነሳለትም።

ያን ዕለት ከአያቴ ትከሻ ላይ ሆኖ ቪዲዮውን ሲያይ ነበር። እኔ የተመታሁባትን ቦታ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ተመለከታት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣

«እታለም፣ እጄን ካነሳሁ ያቆማሉ?» አለኝ።

«ያቆማሉ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ሕጉ ነው።»

ዝም አለ። እኔም ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘኝ። ይህ ልጅ ከሁሉ በላይ ማወቅ የፈለገው ጥይቱ ማመም አለማመሙን አልነበረም።

አዲስ አበባ አልወሰድኩትም። ገና ነው። በማግስቱ ግን ከቤቱ በታች ካለው ሜዳ ወጣንና አሮጌ ካልሲዎችን በጨርቅ ሞልተን ኳስ ሠራን። እህቴ፣ እኔ፣ የጎረቤት ልጆችና እሱ ለሁለት ተከፈልን። ሕጉ አንድ ነው፤ እጁን ያነሳ ሰው ላይ አይወረወርም።

ጨዋታው ገና ሲጀመር እጁን አነሳ። ሁላችንም ቆምን። እጁን አወረደ። ልንወረውር ስንል እንደገና አነሳ። ቆምን። የጎረቤት ልጆች ማጉረምረም ሲጀምሩ እህቴ በዓይኗ ገሠጸቻቸው። ስድስት ጊዜ አነሳ፤ ስድስት ጊዜ ቆምን።

በሰባተኛው እጁን አላነሳም። ጎንበስ ብሎ ኳሱን አነሳና ግንባሬን አለኝ።

አያቴ ደጃፉ ላይ ከተቀመጠበት ሆኖ፣ ምርኩዙን ከፍ አድርጎ መፎከር ጀመረ።