በዓድዋ ትርኢት ላይ ስለሚያዝ መሣሪያና ስለሚለበስ ልብስ

የየካቲት 23 በዓል በደረሰ ቁጥር ብዙ ወጣቶች የአባቶችን ልብስ ለብሰው፥ ጋሻና ጦር ይዘው የዓድዋን ዘመቻ በትርኢት ያሳያሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የተያዘው መሣሪያና የተለበሰው ልብስ የዘመኑ ካልሆነ ትርኢቱ በማስተማር ፈንታ ያሳስታል። ስለዚህ የአመራረጡን ዘዴ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን በአጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን።

በመጀመሪያ ጠመንጃውን እንመልከት። አንደኛው ደንብ፥ ጦርነቱ ከተደረገበት ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በኋላ የተፈለሰፈ መሣሪያ ሁሉ ይቅር የሚል ነው። በዚህ ደንብ ክላሽንኮቭ ወዲያው ይወድቃል። ይሁን እንጂ ዘመኑን መቍጠር ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ የኢጣሊያው ካርካኖ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1891 የወጣ፥ ከዓድዋ በፊት የተፈለሰፈ ጠመንጃ ነው። ሆኖም በዓድዋ የተሰለፈው የኢጣሊያ ወታደር በእጁ የነበረው አሮጌው ቬተርሊ ነበር። ካርካኖ በአገራችን በብዛት የታየው በ1928ቱ ወረራ ነው። እንግዲህ ሁለተኛው ደንብ፥ መሣሪያው በዘመኑ መኖሩን ብቻ ሳይሆን በዚያ ቀን በዚያ ስፍራ መገኘቱን መጠየቅ ነው።

በኢትዮጵያ በኩል አንድ ዓይነት ጠመንጃ ለሁሉ ማደል ስሕተት ይሆናል። የሠራዊቱ መሣሪያ ከብዙ አገር በግዢ፥ በስጦታና በምርኮ የተሰበሰበ ነበርና። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ድል የሆነው የግብፅ ጦር ሬሚንግተን ይዞ ነበር፤ ከዚያ ብዙው ተማርኳል። ውጅግራ የምንለው ደግሞ የፈረንሳዩ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው፤ ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጣ ነው። ሁለቱም አንድ ጊዜ ከተተኰሱ በኋላ እንደገና የሚጐርሱ ናቸው። ስለዚህ ተዋናዩ ውጅግራ ይዞ እያከታተለ የሚተኵስ ቢመስል፥ መሣሪያው እውነተኛ ሆኖ አያያዙ ሐሰት ይሆናል። በዝናሩም ላይ የሚሰካው ወፍራሙ ቀለህ እንጂ የኋላው ዘመን ቀጭን ጥይት አይደለም። ለትርኢቱ ግን ከእንጨት የተሠራ አምሳያ ይበቃል፤ መልኩ ከተጠበቀ የሚተኵስ መሣሪያ አያስፈልግም።

ከጠመንጃው ይልቅ የሚከብደው የልብሱ ነገር ነው። በትርኢት ላይ ሁሉም ሰው ጎፈር ደፍቶ፥ ለምድ ደርቦ፥ በብር ያጌጠ ጋሻ ይዞ መታየት ይወዳል። እነዚህ ግን የማዕርግና የጀግንነት ምልክቶች ነበሩ፤ ማንም እንደ ልቡ የሚለብሳቸው አልነበሩም። ከየአውራጃው የዘመተው ገበሬ አብዛኛው በባዶ እግሩ የሄደ፥ የአገር ጥጥ የለበሰ፥ ጠመንጃ ያላገኘውም ጦርና ጎራዴ የያዘ ነው። ሁሉም ራስና ደጃዝማች ከሆነ፥ ጦርነቱን ማን ተዋጋው?

ይህን ስሕተት ካመጡት ነገሮች አንዱ በሥዕል ላይ ያለን እምነት ነው። የዓድዋ ሥዕሎች አብዛኞቹ ከጦርነቱ በኋላ የተሣሉ ሲሆኑ፥ ሠዓሊው መኳንንቱን አጕልቶ ማሳየት ልማዱ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ከዘመኑ ፎቶግራፍና በቤተ መዘክር ካለው ዕቃ ጋር ማስተያየት ይገባል።

በመጨረሻም መሣሪያ የምንለው የሚወጋውን ብቻ አይደለም። ሠራዊቱን ወራት ሙሉ ያቆመው በአህያና በበቅሎ፥ በሴቶችም ጀርባ የተጓዘው ስንቅ ነው። በመቀሌ ምሽግ እቴጌ ጣይቱ የኢጣሊያኑን ውሃ ማስያዛቸው፥ በዓድዋም ሴቶች ለተዋጊውና ለቍስለኛው ውሃ ማቅረባቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ በሶ የያዘ ስልቻና ውሃ የያዘ እንስራ ከውጅግራው እኩል በትርኢቱ ላይ ሊታዩ ይገባል። እነርሱ ከቀሩ፥ ያዘመቱትም እናቶች ከታሪኩ ቀሩ ማለት ነው።