በዛፍ ጥላ ሥር ያለ እርሻ፦ የሚዛንና የቴፒ ገጠር ቀበሌዎች

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማና በቦንጋ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሚዛን ተፈሪ ሲደርስ የሚቀበለው ከተማ ነው። ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሆስፒታል አለ፣ ቡና የጫነ አይሱዙ ይመላለሳል። ስለ አካባቢው የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ ከከተማው ወይም ከቡናው አያልፍም። ከአስፋልቱ ገባ ሲሉ ያሉት የገጠር ቀበሌዎች ግን ከዚህ የሰፋ ኑሮ አላቸው። የሚዛንና የቴፒን ገጠር በቡና ብቻ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ገበሬውን በክፉ ቀን ያቆመው ደግሞ ያልታወቀው ግማሽ ነው።

መጀመሪያ አቀማመጡን እንይ። ሚዛን ተፈሪ ከጎረቤቷ አማን ጋር ተዋህዳ ሚዛን አማን በሚል ስም የቤንች ሸኮ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። በዙሪያዋ ሰሜን ቤንች፣ ደቡብ ቤንች፣ ሸይ ቤንች፣ ጊዲ ቤንች፣ ሸኮና ጉራፈርዳ የተባሉ ወረዳዎች አሉ። ቴፒ በሸኮ በኩል አልፈው የሚደርሱባት ከተማ ስትሆን፣ ያለችው በሸካ ዞን፣ በየኪ ወረዳ ምድር ነው። ሁለቱም ዞኖች መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከደቡብ ክልል ወጥተው፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ገብተዋል።

ገበሬው ግን ዞኑም ክልሉም ሲለዋወጥ ከቀበሌው አልወጣም። ቀበሌው የተወለደው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀ ጊዜ ነው። አዋጁ በ20 ጋሻ ማለትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ፤ ሸንጎም፣ መሬት የማከፋፈል ሥልጣንም ሰጠው። ሽማግሌዎች ዛሬም ቀበሌያቸውን “ገበሬ ማኅበር” ሲሉ ይሰማሉ። ለዚህ አገር ገባር የአዋጁ ትርጉም ከባድ ነበር። የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ከወደቀ በኋላ ቀድሞ ጊሚራ ይባል በነበረው በዚህ አካባቢ የነገሠው የገባር ሥርዓትና የባሪያ ፍንገላ አገሩን አራቁቶት ነበርና።

አሁን ወደ ጓሮው እንግባ፤ የጉዳዩ ፍሬ እዚያ ነውና። የቤንች ገበሬ ቤት በእንሰት የተከበበ ነው። ከእንሰቱ አለፍ ብሎ ቡና፣ በቡናው መካከል ሙዝና አቮካዶ፣ ረጠብ ባለው ቦታ ጎደሬ፣ በድጋፍ እንጨት ላይ የወጣ ቦዬ ይገኛል። ከላይ ዋንዛ፣ ብሳናና ቀረሮ ጥላ ይሰጣሉ። ከጥላው ሥር፣ መሬት ለመሬት፣ ኮረሪማ ቀይ ፍሬውን ይዞ ይበቅላል፤ በእርጥብ ደን ውስጥ ደግሞ ጥምዝ ዛፍ ላይ ይሳባል። በቆሎና ማሽላ ወጣ ባለው ገላጣ ማሳ ላይ ይዘራሉ። ላልለመደ ዓይን የተዝረከረከ ጫካ የሚመስለው ይህ ቦታ በጥንቃቄ የተደራጀ እርሻ ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ቢፈጅም ከደረሰ በኋላ በፈለጉት ወር ይፋቃል። ጎደሬና ቦዬ መሬት ውስጥ ሆነው ይጠብቃሉ። የቡና ገንዘብ አልቆ በቆሎው ገና እሸት ባልሆነበት የክረምት ወራት ቤተሰብ የሚኖረው በእነዚህ ነው።

ቡናው ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። በደን ውስጥ ራሱ የበቀለ፣ ገበሬው ሥሩን እየመነጠረ የሚንከባከበው ከፊል የደን፣ በጓሮ የተተከለና በትልልቅ እርሻ ልማት የሚመረት ቡና አለ። በቆላው ቀድሞ ይቀላል፣ ደጋው ይከተላል፤ ስለዚህ ለቀማው ከመስከረም አንስቶ ወራት ይወስዳል። ገበሬው ሁለት መንገድ አለው። ቀዩን እሸት ቡና በዕለቱ ለመፈልፈያ ጣቢያ መሸጥ፣ ወይም አድርቆ ጀንፈል ማድረግ። ባለሙያዎች በጥራቱ ምክንያት የታጠበውን ያበረታታሉ፣ ልክም ናቸው። ይሁን እንጂ ጀንፈል ለገበሬው ባንክ ነው፤ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ቤት ይቀመጣል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ወይም ሰው ሲታመም እየተሰፈረ ይወጣል። ይህን ያላገናዘበ የጥራት ዘመቻ ብዙም የማይራመደው ለዚህ ይመስለኛል።

ከገበሬው ማሳ ጎን የቆሙት ታላላቅ እርሻዎች ናቸው። ከሚዛን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ቤበቃ ወደ 10,000 ሄክታር የሚጠጋ ይዞታ አለው። እሱም የቴፒው እርሻም ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ነበሩ፣ ኋላ ወደ ግል ተዛወሩ። በለቀማ ወቅት ከሩቅ አገር ሠራተኛ ይጎርፍባቸዋል፤ ከመጡት ብዙዎቹ በዚያው ቀርተው የቀበሌ ነዋሪ ሆነዋል።

ከዚሁ አገር የወጣ አንድ ዘር ደግሞ ዓለምን ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ1936 ማጂ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ሪቻርድ ዌሊ ከአካባቢው ደን የቡና ዘር ሰብስቦ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ ከኬንያ ወደ ታንዛኒያ፣ ከዚያ በ1953 ወደ ኮስታ ሪካ፣ በ1960ዎቹ ወደ ፓናማ ተሻገረ። “ጌሻ” የተባለው ይህ ቡና በ2004 በፓናማ ጨረታ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጦ ጉድ አሰኘ፤ በ2019 ደግሞ 1,029 ዶላር አወጣ። ዘሩን ያቆዩት ደኑን ሳይመነጥሩ የኖሩት የደቡብ ምዕራብ ሰዎች ናቸው። ከዚህ ገንዘብ ለእነሱ የደረሰ የለም፤ ይህ ሊያንገበግበን ይገባል።

በአንድ ሰብል ላይ መንጠልጠል ምን እንደሚያመጣ ዝንጅብል አሳይቷል። የቴፒና የሚዛን አካባቢ ከአገሪቱ ዋና ዋና የቅመም ምድሮች አንዱ ነው። በቴፒ የግብርና ምርምር ማዕከል ቁንዶ በርበሬ፣ እርድ፣ ሄልና ዝንጅብል ሲጠኑ ኖረዋል። ዝንጅብል ገበያው ሲደራ ብዙ ገበሬ ማሳውን ለእሱ ሰጠ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ባክቴሪያ የሚያመጣው የአጠውልግ በሽታ አገር ሙሉ ተዛመተ፤ ተክሉ ቆሞ ሳለ ይደርቃል፣ ሥሩ ይበሰብሳል፣ በሽታው በአፈርና በዘሩ ይተላለፋል። ዝንጅብሉን ከእንሰቱና ከኮረሪማው ጎን የያዘ ገበሬ ተጎዳ፤ ሁሉን ነቅሎ ዝንጅብል የተከለው ግን ባዶ እጁን ቀረ።

ከብቱም እንደዚሁ የአገሩ ሀብት ነው። የሸኮ ከብት አጠር ያለ፣ ሻኛ የሌለው ወይም ትንሽ ብቻ ያለው ዝርያ ነው። የቆላ ዝንብ የሚያመጣውን ገንዲ ይቋቋማል፣ ወተቱም ለአካባቢው ጥሩ የሚባል ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ከጥንቱ ሻኛ አልባ ወገን የተረፈ እሱ ብቻ መሆኑን ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ከሌላ ዝርያ ጋር እየተዳቀለ ንጹሑ እየመነመነ ነው፤ ከጠፋ በገንዘብ አይገዛም። ማሩን በተመለከተ፣ ረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቀለው ቀፎ ለደኑ ጠባቂ ነው፤ ማር የሚቆርጥበትን ዛፍ ማንም አይቆርጥም። የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት የተመዘገበው እንዲህ ባለው ነባር ልማድ ተጠብቆ በመቆየቱ ነው።

በእነዚህ ቀበሌዎች የሚኖረው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። ቤንች፣ ሸኮ፣ መኤኒት፣ ሸከቾ፣ ካፊቾ፣ መዠንገር፣ አማራና ሌሎችም አሉ። የቤንች ቋንቋ አምስት የድምፅ ከፍታ ስላለው የቋንቋ ሊቃውንትን ሲያስደንቅ ኖሯል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከወሎና ከሌሎች የሰሜን አካባቢዎች ገበሬዎችን ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ አሰፈረ፤ ከዚያ በኋላ ወሬ ሰምቶ በራሱ የመጣም ብዙ ነው። በጉራፈርዳ ቆላ ሩዝ የተስፋፋው በሰፋሪው እጅ ነው። የመሬት ጥያቄው ግን አልተፈታም። በ2004 ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩ የአማራ ሰፋሪዎች ከጉራፈርዳ እንዲወጡ ተደረገ፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም በዚያው ወረዳ ንጹሐን ዜጎች ተገደሉ። ነባሩ ደኑና የመሬት ባለቤትነቱ እንዲከበርለት፣ መጤው ደግሞ ያለማው ማሳና ሕይወቱ እንዲጠበቅለት መጠየቃቸው ሁለቱም ፍትሕ ነው፤ አንዱን በሌላው ላይ አንስቶ የሚፈታ ነገር የለም።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግን የራሱ በጀት የለውም። የልማት ሠራተኞቹ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹና መምህራኑ ደመወዝ የሚወጣው ከወረዳ ነው። የእኛን ቀበሌ የሚመስለው የፊሊፒንስ ባራንጋይ በ1991 በወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ከማዕከላዊ መንግሥት ለአካባቢዎች ከሚከፋፈለው ግብር 20 በመቶው ድርሻ ተመድቦለታል። እኛ ዘንድ የተሰበረ የእንጨት ድልድይ ለማሠራት እንኳ መዋጮና ጉልበት ነው። ሕዝቡ ይሠራዋል፤ ሆኖም ቡናውን ቀረጥ ከፍሎ የሚያስወጣ ቀበሌ ጥቂት ቢመለስለት አይበዛበትም።

አሁን ደግሞ አዲስ ሥራ መጥቶበታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። የተፈጻሚነቱ ጊዜ ደጋግሞ ቢራዘምም ዝግጅቱ አልቀረም፤ እያንዳንዱ ማሳ በጂፒኤስ መመዝገብ አለበት። ከ4 ሄክታር በታች ላለው አንድ ነጥብ ይበቃዋል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ከፊል የደን ቡና ባለበት ቀበሌ ማሳው የሚያልቀውና ደኑ የሚጀምረው የት እንደሆነ ከሩቅ በሳተላይት ብቻ መለየት ያስቸግራል፤ ጥላ ያቆየ ገበሬ ደን መንጣሪ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ ልኬቱ ላይ ወሰኑን የሚያውቁ የቀበሌው ሽማግሌዎች መገኘት አለባቸው። የተመዘገበው መረጃም ለላኪው ድርጅት ብቻ ከሚቀመጥ፣ አንድ ቅጂ በገበሬው እጅ፣ ሌላው በቤንች ማጂ የደን ቡና ዩኒየንና በመሰል ማኅበራት መዝገብ ይኑር። ያን ጊዜ ገበሬው ገዢ ሲቀይር ማስረጃውን ይዞ ይሄዳል።