የሐይቅ ዳር፦ ዋናተኛ የሚታመመው የትና እንዴት ነው?

ለመስቀል ቡታጅራ የገባ የአዲስ አበባ ወጣት፣ ክትፎው ካለቀ በኋላ «ዛሬስ ወዴት እንውረድ?» ማለቱ አይቀርም። አንዱ ምርጫ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ያለው ሐረ ሸይጣን ነው። ሌላው በስተምሥራቅ ቁልቁል ተወርዶ የሚደረስበት ዝዋይ ነው። እናቶች «ውሃ እንዳትገቡ!» ብለው ይሸኛሉ። ለምን ቢባሉ «ሸይጣን አለው» ወይም «በሽታ አለው» ይላሉ። ማስጠንቀቂያው ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን ከሐይቅ ሐይቅ ይለያያል። የሚለየውም ዳርቻው ነው።

ሐረ ሸይጣን የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውሃ ነው። አፋፉ ላይ ቆሞ ድንጋይ መወርወር የቆየ ጨዋታ ነው፤ የቱንም ያህል ቢወረወር ውሃው ላይ አይደርስም ይባላል። እንዲህ ያለ ሐይቅ እግር መሬት እየዳሰሰ ቀስ ተብሎ የሚገባበት ዳር የለውም፤ ገደሉ ከውሃው በታችም ይቀጥላል። ዋና የማይችል ሰው አንድ እርምጃ ካለፈ አለቀ። ጓደኛው ሊያወጣው ዘሎ ከገባ ደግሞ ሁለት ሰው ይሆናሉ፤ የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ሁሉ ጨምድዶ ይዞ ይወርዳልና። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን በገመድ አስሮ መወርወር ከጀግንነት ይበልጣል።

ዝዋይ ሌላ ነው። አማካይ ጥልቀቱ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዳሩ ለብ ያለ፣ ቄጠማ የበዛበት፣ ለልጅ የሚጋብዝ ነው። ከጉራጌ ተራሮች የሚነሳው የመቂ ወንዝ የሚገባበት በመሆኑ ለቡታጅራ ሰው ባዕድ ውሃም አይደለም። ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ አገሩ እንዲህ ያለው ዳር ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። ትሉ ያለበት ሰው ሐይቁ አጠገብ ይጸዳዳል፤ ዝናብ ሰገራውን ወደ ውሃው ያጥበዋል። እንቁላሉ ጨው አልባ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈልና በዓይን የማትታይ እጭ ትወጣለች። እሷም ቀንድ አውጣ ፍለጋ ትዋኛለች። የትኛውንም አይደለም፤ ዛጎሉ ጠፍጣፋ ሆኖ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለውን፣ ቄጠማ ሥር የሚለጠፈውን ነው። ቀንድ አውጣው ውስጥ ለሳምንታት ትራባለች፤ ከዚያ በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች እጮች ይወጣሉ። የሚወጡት በብርሃን ነው፤ በብዛት እኩለ ቀን አካባቢ፣ ልክ ልጆች ሙቀት ሸሽተው ውሃ በሚገቡበት ሰዓት። ቆዳ ለመብሳት ደቂቃዎች ይበቃቸዋል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፣ ቁስልም አያስፈልግም።

ታዲያ ቡታጅራ ከተማ ውስጥ ለምን አይወራም? ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ በብርድ እጩ ቀንድ አውጣው ውስጥ እድገቷ ይጓተታል። ዝዋይ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ላንጋኖ ከዝዋይ ጎን ሆኖ ከዚህ በሽታ ነፃ ነው የሚባለውም በውሃው ምክንያት ነው፤ ሶዳ ያለበትና ቡናማ ድፍርስ ስለሆነ ለቀንድ አውጣው አይመችም።

ይህን የበሽታውን መተላለፊያ ሰንሰለት ቀንድ አውጣው ላይ ለመበጠስ ያሰበ ኢትዮጵያዊም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስሙ ይጠራል። እንዶዱ ግን፣ የሚያሳዝነው፣ በየሐይቃችን ዳር መደበኛ ሥራ አልሆነም።

እንግዲህ መዋኘት የግድ ከሆነ ክሎሪን የገባበት ገንዳ ይመረጣል። ከሐይቅ የተቀዳ ውሃ ለገላ መታጠቢያ የሚሆነው ሁለት ቀን በዕቃ ተቀምጦ ሲያድር ወይም ፈልቶ ሲበርድ ነው፤ ያለ ቀንድ አውጣ እጮቹ ብዙ አይቆዩም። ከውሃ ወጥቶ በፎጣ መፈተግ ግን መከላከያ ተብሎ የሚታመንበት ነገር አይደለም።

ዝዋይ ገብታችሁ ከሆነ ደግሞ አትደንግጡ፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን የጎለመሰውን ትል ይገድላል። ገና ጮርቃውን ግን በደንብ አይነካውም፤ ስለዚህ ከዋናው ማግስት ተሯሩጦ መዋጥ ብዙ አይጠቅምም። በሽታው አንዳንድ ጊዜ ከሳምንታት በኋላ በትኩሳት፣ በሳልና በሆድ ቁርጠት ይጀምራል፤ ያኔ ወባ ወይም ታይፎይድ ተብሎ ይታለፋል። ብዙ ሰው ግን ምንም ሳይሰማው ይቆያል፤ ቆይቶም ጉበቱ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከመስቀል በኋላ ኅዳር ላይ ትኩሳት ቢጀምራችሁ፣ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «ሐይቅ ገብቼ ነበር» በሉት፤ የሰገራ ምርመራም ጠይቁ።