ታላቁ ፊልምና ታናሹ ፊልም በገበያ ሚዛን

ፊልም ኪነ ጥበብ መሆኑ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሸቀጥም ነው፤ ካፒታል ይጠይቃል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ገበያ ይፈልጋል፣ በመጨረሻም ያተርፋል ወይም ይከስራል። ስለዚህ ጉዳዩ በንግድ ጋዜጣ ላይ ሲወሳ ለነጋዴው አንባቢ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚሠራው ታላቅ ፊልምና በግለሰብ ጥሪት የሚሠራው ነጻ ፊልም በአንድ ገበያ እንዴት እንደሚገናኙ መመርመር፣ አነስተኛ ካፒታል ይዞ ለሚነግድ ሰው ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ብሎክባስተር» የሚባለው የታላቅ ፊልም አነጋገድ ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የያዘው፣ በ1975 ዩኒቨርሳል የተባለው ኩባንያ «ጆውዝ» የተሰኘውን ፊልም ባወጣ ጊዜ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ከዚያ በፊት በአሜሪካ ትላልቆቹ ፊልሞች በመጀመሪያ በጥቂት ከተሞች ይታዩና ስማቸው ከተሰማ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ሌላው አገር ይዘልቁ ነበር። ዩኒቨርሳል ግን ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ 700,000 ዶላር ያህል አውጥቶ፣ ፊልሙን በአንድ ቀን ከ400 በሚበልጡ ሲኒማ ቤቶች አሳየ። በ55 ቀን ያልቃል የተባለው ቀረጻ 159 ቀን ፈጅቶ፣ ወጪውም ወደ 9 ሚሊዮን ዶላር ቢያሻቅብም፣ ገቢው ያን ሁሉ ሸፍኖ በብዙ እጥፍ ተረፈ።

ሌሎቹም ኩባንያዎች ይህንኑ ፈለግ ተከተሉ። የአሠራሩ ምሥጢር ግልጽ ነው፤ ስለ ዕቃው የሚነገረው ሙገሳም ሆነ ነቀፌታ በሕዝቡ ዘንድ ሳይዳረስ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚቻለውን ያህል ቲኬት መሸጥ ነው። በ2019 የወጣው «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» በአሜሪካና በካናዳ ብቻ ከ4,600 በሚበልጡ ሲኒማ ቤቶች ሥራ ጀመረ። ይሁን እንጂ ትልቅ ካፒታል ትልቅ አደጋም አለበት። በ1919 እነ ቻርሊ ቻፕሊን ያቋቋሙት ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለው ኩባንያ በ1980 «ሄቨንስ ጌት» ለተባለ ፊልም 44 ሚሊዮን ዶላር ያህል አፍስሶ ተመልካች በማጣቱ፣ በዓመቱ ለሌላ ኩባንያ እስከ መሸጥ ደረሰ።

ታናሹ ፊልም መንገዱ ሌላ ነው። ገንዘቡ የሚገኘው ከቁጠባ፣ ከብድርና ከዘመድ ወዳጅ ነው። ሮበርት ሮድሪገዝ በ1992 የወጣውን «ኤል ማሪያቺ» በ7,000 ዶላር ያህል ሲሠራ፣ የገንዘቡን ከፊል ያገኘው አዲስ መድኃኒት በገዛ ሰውነቱ ላይ እንዲሞከር በመፍቀድ ነው። ካሜራውን የያዘም ፊልሙን ያቀናበረም ራሱ ነበር። እንዲህ ያለው ፊልም ለማስታወቂያ የሚያወጣው ገንዘብ ስለሌለው ገዢውን የሚያገኘው እንደ ካን፣ ቬኒስና ሰንዳንስ ባሉት የፊልም በዓላት ላይ ነው። እነዚህም በዓላት ለፊልም ሠሪው፣ ለሌላው ነጋዴ ኤግዚቢሽን የሚሰጠውን አገልግሎት ይሰጣሉ ማለት ነው። አቀባበሉም እንዲሁ ይለያል፤ ታናሹ ፊልም የሚያድገው በተመልካች አፍና በሽልማት ነው። «ሙንላይት» በ2016 በአራት ሲኒማ ቤቶች ብቻ ጀምሮ፣ ስሙ እየተሰማ በሄደ መጠን እየሰፋ፣ በሚቀጥለው ዓመት የኦስካርን ከፍተኛ ሽልማት አገኘ።

ሆኖም በርካሽ የተሠራ ሁሉ በርካሽ ይሸጣል ማለት አይደለም። በ1999 የታየው «ብሌር ዊች ፕሮጀክት» በስምንት ቀን በሜሪላንድ ጫካ የተቀረጸ ሲሆን፣ የመነሻ ወጪው ከ60,000 ዶላር እንደማይበልጥ ይነገራል። በዓለም ዙሪያ ያስገባው ግን 248 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ይሁን እንጂ አርቲዛን የተባለው ኩባንያ ፊልሙን በ1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ፣ ለማስታወቂያ ያወጣው ገንዘብ ለቀረጻው ከወጣው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ፊልሙን ማን ሠራው የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ወደ ገበያ የሚያደርሰውን መንገድ ማን ያዘው የሚለውም ነው።

ለዚህ ጥያቄ የራሱን መልስ የሰጠው የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ ነው። በዋሺንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ይህ የፊልም ሰው፣ ስለ ባርነት የሚተርከውን «ሳንኮፋ» በ1993 ሲያወጣ፣ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊልሙን አንቀበልም አሉት። እርሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ግን ተስፋ ሳይቆርጡ፣ ሲኒማ ቤት በገዛ ገንዘባቸው ተከራይተው፣ በየከተማው ያሉትን የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበሮች አስተባብረው ፊልሙን ራሳቸው ሸጡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፣ የኩባንያ ማስታወቂያ ያላገኘውን ፊልም ሕዝቡ በአፉ አስተዋወቀው። ባልና ሚስቱም ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ በፊልሙ ስም የቪዲዮና የመጻሕፍት መደብር ከፈቱ። መንገዱ ግን ረጅም ነው፤ ቀጣዩ ታላቅ ሥራው «ጤዛ» ተመልካች ፊት የቀረበው በ2008 ሲሆን፣ በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አግኝቷል። «ሳንኮፋ»ም በ2021 በኔትፍሊክስ አማካይነት ለአዲስ ትውልድ ቀረበ።

በአገራችንም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች በአዲስ አበባ አዳራሾች እየታዩ ገበያቸውን ራሳቸው ፈጥረዋል። በ2015 ደግሞ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በካን በዓል ለመታየት በይፋ ከተመረጡት አንዱ ሆኗል። ችሎታው አለ ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ ሥራ የሚሠማራ ሰው ከካሜራው አስቀድሞ ሦስት ነገር ሊያስብ ይገባዋል። አንደኛ፣ ካለው ገንዘብ ለቀረጻ ብቻ ሳይሆን ለመሸጫም ከፍሎ ያስቀምጥ። ሁለተኛ፣ ገዢው ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ይወቅ። ሦስተኛ፣ መብቱን በጽሑፍ ውል ሳያስከብር ፊልሙን ለማንም አያስረክብ፤ በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለዚህ መሠረት ሰጥቶታል። ካፒታል ያላቸው ነጋዴዎቻችንና የአዳራሽ ባለቤቶችም ፊልምን እንደ አንድ ሸቀጥ መርምረው ቢተባበሩ፣ ሠሪውም እነርሱም የድካማቸውን ዋጋ ሊያገኙ ይችላሉ።